አሮጌ ፒካፕ ስትገዙ የምትሰሟቸው ተረቶችና እውነታው

«ሃይሉክስ አይሞትም»

አሮጌ ፒካፕ ልገዛ ነው ያለ ሰው ከደላላም ከጋራዥም መጀመሪያ የሚሰማው ይህ ነው። ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው ማለት ይከብደኛል። እኔ የገዛሁት ቶዮታ ሃይሉክስ የ1990ዎቹ (በፈረንጅ) ስሪት፣ 3ኤል የሚባል ሞተር ያለው ነው፤ 2,779 ሲሲ ናፍጣ፣ ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። መለዋወጫውም ሶማሌ ተራ አይጠፋም። ግን የማይሞተው እየተጠገነ ስለሚኖር ነው። አንዱ ባለቤት ዘይት በጊዜው ሲቀይርለት ሌላው እየጨመረ ብቻ ይነዳዋል፤ በር ላይ ሲቆሙ ሁለቱ መኪኖች አይለዩም። ደግሞ የዚህ ሞተር ታይሚንግ (ፒስተኑና ባልቦላው ተራ ጠብቀው እንዲንቀሳቀሱ የሚያደርገው) የሚሠራው በቺንጋ፣ ማለትም በጎማ ቀበቶ ነው። ቺንጋው ሲሄድ ከተበጠሰ ፒስተንና ባልቦላ ይጋጫሉ። መቼ እንደተቀየረ ሻጩ የማያውቅ ከሆነ፣ በገዛችሁበት ሳምንት ቀይሩት።

«ገና 140 ሺህ ኪሎሜትር ነው የሄደው»

ሠላሳ ዓመት የገጠር መንገድ የበላ ፒካፕ? ቆጣሪው ወደኋላ ሊዞር ይችላል፤ እሱን ተዉትና የፍሪሲዮን ፔዳሉን ጎማ፣ የመሪውን ዙሪያና የሹፌሩን ወንበር እዩ። እነሱን ወደኋላ ማዞር አይቻልም።

«ጥቁር ጭስ ካለው ሞተሩ አልቋል»

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ደግሞ ነዳጁን በአየሩ ልክ ራሱ አይቀንስም፣ ስለዚህ ዳገት ላይ ሲረገጥ ትንሽ ቢያጠቁር አይገርምም። ከልክ ያለፈ ጥቁር ጭስም ብዙ ጊዜ የአየር ማጣሪያ፣ የኖዝል (ናፍጣውን የሚረጨው) ወይም የናፍጣ ፖምፓ ጉዳይ ነው። የሚያስፈራው ሰማያዊው ነው፤ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ይህን ለመደበቅ ወፍራም ዘይት የሚሞሉ ሻጮች አሉ። ሌላው ብልሃታቸው እናንተ ከመድረሳችሁ በፊት ሞተሩን ማሞቅ ነው። ኮፈኑን ከፍታችሁ እጃችሁን ወደ ሞተሩ አስጠጉ፤ ከሞቀ ምክንያት ሳትጠይቁ «ነገ ጠዋት እመጣለሁ» በሉ። ናፍጣ ሞተር እውነቱን የሚናገረው በጠዋት ብርድ ሲነሳ ነው።

«ቴርሞስታት ለፈረንጅ አገር ነው»

ይህቺ በጣም ትቆጨኛለች፣ ምክንያቱም አምኜባት ነበር። ብዙ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ሞቀ ከተባለ የመጀመሪያው መፍትሔ ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ውኃው እስኪሞቅ የራዲያተሩን መንገድ የሚዘጋውን ቁራጭ፣ አውጥቶ መጣል ነው። «አገራችን ሞቃት ነው» ይላሉ፤ የአዲስ አበባን የነሐሴ ጠዋት ረስተውት መሆን አለበት። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ከተማ ውስጥ ትክክለኛ ሙቀቱ ላይ ሳይደርስ ይውላል። ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱ ቶሎ ይቆሽሻል፣ የፒስተኑ ቀለበት (ፋሻው) ያለጊዜው ያልቃል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ጭራሽ ሙቀት ያመጣል፤ ቴርሞስታቱ ሲሞቅ የሚዘጋው ማለፊያ ቀዳዳ ክፍት ሲቀር ሙቁ ውኃ ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ ይመለሳል።

የኔው የፈላው ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስወጣ ነው። ጥፋተኛው የራዲያተሩ ክዳን ሆኖ ተገኘ፤ ማሸጊያ ጎማው አልቆ ግፊት አይዝም። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ግን መፍያውን ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ክዳኑ የሚያወጣው ገንዘብ ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር እንኳን አይወዳደርም። እኔ ግን ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) አስወርጄ፣ ቶርኖ ቤት አስጠርቤ፣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያውን) ገዝቼ ነው የተማርኩት። አሁን ቴርሞስታቱ ቦታው ገብቷል፣ ራዲያተሩም የቧንቧ ውኃ ሳይሆን ዝገት የሚከላከል ፈሳሽ ነው የሚጠጣው።

«ቀለሙን እየው፣ አዲስ ነው»

ትንሽ ማግኔት ኪሳችሁ ያዙ። በላሜራው ላይ ካልያዘ ከሥሩ ስቱኮ (የቀዳዳ መሙያ ልስን) አለ። ከዚያ ተንበርክካችሁ ሻንሲውን (የመኪናውን የብረት አጽም) እዩ፣ በተለይ ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመው የተደራረበ ብረት) የሚታሰርበትን አካባቢ። ጨው ባለበት አፋር በረሃ የሠራ መኪና ከላይ ሙሽራ ሆኖ ከሥር ወንፊት ሊሆን ይችላል። ብየዳ ያረፈበት ሻንሲ ካያችሁ እኔ ብሆን ጥዬው እሄዳለሁ።

«ውክልና ካለኝ ምን ቸገረኝ»

ስም ለማዘዋወር የሚወጣውን ወጪ ለመቆጠብ በውክልና ብቻ መኪና የሚገዛ ሰው ብዙ ነው። ውክልና ግን ሽያጭ አይደለም። ወካዩ ባሻው ቀን ሊሽረው ይችላል፤ ከሞተም ያበቃል፣ ያኔ የምትነጋገሩት ከወራሾቹ ጋር ነው። ሊብሬው (የመኪናው የባለቤትነት ደብተር) ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር ቁጥር በቁጥር አመሳክሩ። አሮጌ ፒካፕ ሞተሩ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ መቀየሩ ችግር የለውም፣ ሳይመዘገብ መቅረቱ ነው ጣጣው። የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ መኖር አለመኖሩንም ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት አጣሩ።

«መጀመሪያ ጎማና ቀለም፣ ሞተሩ ይደርሳል»

ጓደኞቼ ሁሉ የመከሩኝ ይህንን ነው፤ ፎቶ ላይ የሚያምረው እሱ ነውና። የኔ ቅደም ተከተል ፍሬን፣ መሪ፣ ማቀዝቀዣ፣ ቺንጋ፣ ከዚያ የኤሌክትሪክ ገመድ ነበር። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ቁልቁል ስትወርዱ ሪማችሁን የሚያይላችሁ የለም። ካሶኒዬ (የኋላው የጭነት ሳጥን) እስካሁን ሁለት ዓይነት ነጭ ነው፤ የግራው በርም ከሌላ መኪና የመጣ ሰማያዊ።