ስለ ቱቶሪያል ክፍሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በዩኒቨርሲቲዎቻችን እንደ ሒሳብ፣ ፊዚክስና ምህንድስና ላሉ ትምህርቶች ከትልቁ ሌክቸር በተጨማሪ የቱቶሪያል ሰዓት ይያዛል። የተማሪው ቁጥር አነስ ይላል፣ ዎርክሺት ይታደላል፣ ብዙውን ጊዜም የሚያስተምረው ወጣት ረዳት መምህር ነው። አቴንዳንስ የማይያዝ ከሆነ ግን ተማሪው ቀድሞ የሚቀረው ከዚህ ክፍል ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ፈተና ከመድረሱ በፊት ስሕተታችሁን ሰው አይቶ የሚያርምላችሁ በዚህ ሰዓት ነው።

«ቱቶሪያል ለደካማ ተማሪ ነው»

ከሁሉም የሚጎዳው ይህ አመለካከት ነው። ለሴት ተማሪዎች ተብሎ የሚዘጋጀውን የማጠናከሪያ ትምህርት «ደካማ እባላለሁ» ብለው የሚሸሹት ጥቂት አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዩሪ ትራይስማን የተባለ የሒሳብ ምሁር፣ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች በካልኩለስ ለምን እንደሚወድቁ ለማወቅ አጠናናቸውን ተከታተለ። ምክንያቱ ስንፍና አልነበረም። ተግተው ያጠናሉ፤ ነገር ግን ብቻቸውን ነበር። ጥሩ ውጤት የሚያመጡት ቻይናውያን አሜሪካውያን ተማሪዎች ደግሞ መጀመሪያ ለየብቻ ይሠራሉ፣ ከዚያ ተሰብስበው አንዱ የሌላውን ሥራ ያርማል። ትራይስማን ከዚህ ተነሥቶ ትንንሽ የጥናት ቡድኖችን አቋቋመ። የደካሞች ማካካሻ እንዳይመስሉ ተጠንቅቆ ከበድ ያሉ ጥያቄዎችን ሰጣቸው። የተሳታፊዎቹም ውጤት በግልጽ ተሻሻለ።

«መምህሩ ዎርክሺቱን ከሠራልን ይበቃል»

ብዙ ተማሪ ባዶ ዎርክሺት ይዞ ይመጣል፣ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ይገለብጣል፣ ይወጣል። ይህ በትንሽ ክፍል የተሰጠ ሌክቸር እንጂ ቱቶሪያል አይደለም።

ምሳሌ ልስጥ። አንድ ተማሪ የማንኛውም ቁጥር ካሬ ስኩዌር ሩት ሲወጣለት ያው ቁጥሩ ይመለሳል ብሎ ያምናል እንበል። ለ3 ልክ ነው። የኔጌቲቭ 3 ካሬ ግን 9 ነው፤ የ9 ስኩዌር ሩት ደግሞ 3 ነው፤ ኔጌቲቩ ጠፍቷል። ወደ ኔጌቲቭ ኢንፊኒቲ የሚሄድ ሊሚት (ቁጥሩ ከዜሮ በታች ያለ ገደብ እየወረደ ሲሄድ መልሱ ወደ ምን እንደሚጠጋ የሚጠይቅ ጥያቄ) ሲመጣ ይህች ትንሽ እምነት ኔጌቲቭ 1 መሆን የነበረበትን መልስ 1 ልታደርገው ትችላለች። ከሰሌዳ የገለበጠው ተማሪ ትክክለኛውን መልስ በደብተሩ ይዞ ይወጣል፤ የተሳሳተው እምነትም ሳይነካ አብሮት ይወጣል። ራሱ ሞክሮ 1 ብሎ የመጣው ግን አጠገቡ ያለው ልጅ «ምልክቱ የት ሄደ?» ይለዋል። ያን ጥያቄ ፈተና ላይ አይረሳውም።

ስለዚህ በዋዜማው ሦስት አራት ጥያቄ ሞክሩ። የቆማችሁበት መስመር ሥር አስምሩ። ክፍል ውስጥም «አልገባኝም» ከማለት «ከዚህ መስመር ወደሚቀጥለው እንዴት እንደተሄደ አልገባኝም» በሉ፤ መምህሩ በአንድ ደቂቃ ሊመልስላችሁ ይችላል። የአገራችን የቅኔ ቤት ሥርዓት ይህንኑ ሲያደርግ ኖሯል፤ ተማሪው ብቻውን ቅኔውን ይቆጥራል (ማለትም አስቦ ያዘጋጃል)፣ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፣ ሲሳሳትም እዚያው ይታረማል። ያለ ቆጠራ ለነገራ የሚቀርብ የለም።

«ሲያስረዱኝ ከገባኝ ገብቶኛል ማለት ነው»

እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ጥናት በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪዎች ላይ ተደርጎ ነበር። ገሚሱ በጥሩ ሁኔታ የተዘጋጀ ሌክቸር አዳመጠ፤ ሌላው ያንኑ ይዘት በትንንሽ ቡድን ጥያቄ እየሠራ ተማረ። የበለጠ እንደተማሩ የተሰማቸው ያዳመጡት ነበሩ። በፈተናው የበለጡት ግን የሠሩት ናቸው። ቱቶሪያል ላይ ግራ ስትጋቡና ሲከብዳችሁ ጊዜ የባከነ አይምሰላችሁ።

«እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ ዝም ማለት ይሻለኛል»

ሐሳቡን መጀመሪያ በሚቀላችሁ ቋንቋ ተናገሩት፤ ሐሳቡ ሲጠራ በእንግሊዝኛ ድገሙት፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነውና ሁለተኛው እርምጃ አይቀርም። አንድ ነገር ግን አደራ፦ በቡድኑ ውስጥ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ ወይም ሌላ የምትነጋገሩበትን ቋንቋ የማይችል ተማሪ ካለ፣ እሱን ወይም እሷን ጥላችሁ አትሂዱ። በጓደኛው እንግሊዝኛ የሚስቅ ካለም ዝም አትበሉት።

«የቡድን ሥራ ማለት ተከፋፍሎ መሥራት ነው»

አምስት ሰው አምስት ክፍል ይወስዳል፣ አንዱ ይሰበስባል፣ ስም ይጻፋል። በዚህ አሠራር ማንም የሌላውን ክፍል አያውቅም፤ መምህሩ በፕሬዘንቴሽን ላይ ከተከፋፈላችሁት ውጭ ሲጠይቅ ሁሉም ይተያያል። ከዚህም የባሰው አንዱ ጎበዝ ሁሉን ሠርቶ ሌሎቹ ሲፈርሙ ነው። እስክሪብቶውን ጥያቄው ለከበደው ሰው ስጡት፤ ጎበዙ በቃል ብቻ ያስረዳ። ሥራው ይዘገያል፤ ነገር ግን ጸሐፊው እስኪገባው ድረስ መስመሩ አይጻፍም፤ ጎበዙም በደንብ የማያውቀውን ቦታ ሲያስረዳ ያገኘዋል።