ባልቲሞርና ቡሎክ ኦሪዮል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ኦሪዮል ከሚባሉት ወፎች መካከል ሁለት የሚመሳሰሉ ጥቁርና ብርቱካናማ ወፎች አሉ። በምሥራቅ ባልቲሞር ኦሪዮል፣ በምዕራብ ቡሎክ ኦሪዮል። ሁለቱን ብዙ ሰው ያምታታቸዋል።

«አንድ ወፍ ናቸው፤ ልዩነታቸው ቀለም ብቻ ነው»

ሳይንሱም ለ22 ዓመት እንዲህ ብሎ ነበር። መሀል ላይ ባለው ሜዳማ አገር ሲገናኙ ይዳቀላሉ። ስለዚህ በ1973 እ.ኤ.አ. በአንድ ስም ተጠቃለሉ፤ በ1995 ተመልሰው ተለያዩ። ዲቃላዎቹ ከዚያ ቀጠና ብዙም አይወጡም።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ላባ የሚቀይሩበት ጊዜ ነው። ባልቲሞር በተዋለደበት አገር ላባውን ቀይሮ ወደ ደቡብ ይሄዳል። ቡሎክ ግን ያረጀ ላባውን እንደለበሰ ይነሳል። የምዕራቡ አገር በዚያ ወቅት ደረቅ ነው። እሱም ሰሜን ምዕራብ ሜክሲኮ አካባቢ ዝናቡ ነፍሳት ያበዛበት ቦታ ላይ ያርፍና እዚያ ይቀይራል።

«ከተዳቀሉማ ከማንም በላይ የሚቀራረቡት እነሱ ናቸው»

አይደሉም። በዘረመል ሲታይ ለባልቲሞር የሚቀርበው ሜክሲኮ ውስጥ የሚኖረው ባለ ጥቁር ጀርባው ኦሪዮል ነው። የአፍሪካና የአውሮፓ ኦሪዮሎችማ ጭራሽ ሌላ ቤተሰብ ናቸው፤ ስሙን የሰጣቸው መመሳሰላቸው ነው።

«ስሙ የመጣው ከባልቲሞር ከተማ ነው»

ከእንግሊዛዊው መኳንንት ከሎርድ ባልቲሞር ነው። የቤተሰቡ አርማ ጥቁርና ወርቃማ ነበር።

«ጥቁር ራስ ካለው ባልቲሞር ነው»

ጉንጩን ይዩ። የባልቲሞር ወንድ ጭንቅላቱ በሙሉ ጥቁር ነው፤ ቆብ ያጠለቀ ይመስላል። የቡሎክ ጉንጭ ብርቱካናማ ሲሆን ጥቁሩ አናቱ፣ ጉሮሮውና ዓይኑን የሚያቋርጠው መስመር ላይ ነው። ክንፉ ላይ ያለው ነጭም ሰፋ ይላል። ሴቶቹ ያስቸግራሉ። የቡሎክ ሴት ሆዷ ግራጫማ ነጭ ነው፤ የባልቲሞሯ ግን ወደ ቢጫና ብርቱካናማ ያደላል። ዲቃላ ባለበት አካባቢ አይቸኩሉ።

«ወንዱ ይዘምራል፣ ጎጆም ይሠራል፤ ሴቷ እንቁላል ትታቀፋለች»

ይሄኛው ያናድደኛል። በሁለቱም ዘንድ ጎጆውን በዋናነት የምትሸምነው ሴቷ ናት። ቀጭን ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ሣር፣ የተክል ጭረትና ያገኘችውን ክር በምንቃሯ እየሰካች፣ እየሳበች፣ እንደ ከረጢት የሚንጠለጠል ጎጆ ታወጣለች። ወንዱ አልፎ አልፎ ቢያግዛት ነው። ዝማሬውም ቢሆን የሁለቱም ነው፤ የቡሎክ ሴት እንዲያውም ብዙ ጊዜ ከወንዱ አብልጣ ትዘምራለች።