ኢንሳይድ ፎርዋርድ ምንድን ነው?

ዛሬ ኢንሳይድ ፎርዋርድ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ግብፃዊው ሞሐመድ ሳላህ ነው። ከመስመር ተነስቶ ወደ ውስጥ ሰብሮ እየገባ የሚመታ አጥቂ። ልክ ነው፣ ቃሉ አሁን ለዚህ ይውላል። የድሮው ኢንሳይድ ፎርዋርድ ግን ሌላ ሰው ነው፤ እሱን ሳያውቁ የአርሰናልን ታሪክ አውቃለሁ ማለት ይከብዳል ባይ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቡድኖች የሚሰለፉት 2-3-5 ነበር፤ ሁለት ተከላካይ፣ ሦስት የመሃል ተጫዋች፣ አምስት አጥቂ። አዎ፣ አምስት አጥቂ! ሁለቱ መስመር ይዘው ይቆማሉ፣ አንዱ መሃል ላይ ሴንተር ፎርዋርድ ነው፣ በመሃል አጥቂውና በመስመር አጥቂዎቹ መካከል ግራና ቀኝ የሚጫወቱት ሁለቱ ደግሞ ኢንሳይድ ፎርዋርድ ይባላሉ። ጎል ያገባሉ፣ ኳስም ያገናኛሉ።

ከዚያ 1925 መጣ። እስከዚያ ድረስ አጥቂው ኳስ ሲሰጠው ከፊቱ ቢያንስ ሦስት ተጋጣሚ ከሌለ ከጨዋታ ውጪ ነበር። ሕጉ ተቀየረና ሁለት በቂ ሆነ። በእንግሊዝ አንደኛ ዲቪዚዮን (ያኔ ከፍተኛው ሊግ) የጎሉ ብዛት በአንድ ዓመት ከ1,192 ወደ 1,703 ዘለለ። አርሰናልም በዚያው የውድድር ዓመት መጀመሪያ ኒውካስል ሄዶ 7 ለ 0 ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ አሰልጣኙ ኸርበርት ቻፕማን፣ በተጫዋቹ በቻርሊ ቡካን ሐሳብ፣ የመሃል ተጫዋቹን አውርዶ ሦስተኛ ተከላካይ አደረገው። ኋላው ተደፈነ። መሃል ሜዳው ግን ባዶ ቀረ፤ ያንን ክፍተት እንዲሞላ ወደ ኋላ የተሳበው ኢንሳይድ ፎርዋርዱ ነው።

አሌክስ ጄምስ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው።

ጄምስ በ1901 በስኮትላንድ ላናርክሻየር ተወለደ። አጭር ነው፣ ቁምጣው ደግሞ እስከ ጉልበቱ ይወርዳል። ቁርጥማት ስለነበረበት ከስር ረጅም የውስጥ ሱሪ ይለብስ ነበር፣ ሰፊው ቁምጣ ያንን ይሸፍንለታል። ለስኮትላንዱ ክለብ ሬይዝ ሮቨርስ ተጫወተ፣ በ1925 ወደ እንግሊዙ ክለብ ፕሪስተን ሄደ፣ እዚያም በአራት ዓመት ከ50 በላይ ጎል አገባ። በ1928 ስኮትላንድ ዌምብሌይ ላይ በዝናብ እንግሊዝን 5 ለ 1 ስትቀጣ ሁለቱ የሱ ናቸው። ጎል አግቢ ነበር፣ በደንብ አድርጎ።

በ1929 አርሰናል በ8,750 ፓውንድ ገዛው። ለተጫዋች በሳምንት ከ8 ፓውንድ በላይ መክፈል በሊጉ ደንብ የተከለከለበት ጊዜ ስለነበር ሴልፍሪጅስ የሚባለው ትልቅ መደብር ውስጥ በዓመት 250 ፓውንድ የሚያስገኝ ሥራም ተገኘለት። ቻፕማን ግን የፈለገው ጎሉን አልነበረም። ከተከላካዮች ኳስ እንዲቀበልና እንዲያከፋፍል ነው የፈለገው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ከበዱት። በኋላ ግን ቡድኑ በሙሉ በሱ እግር መሄድ ጀመረ። ከራሱ ሳጥን አካባቢ ኳስ ይይዛል፣ በሰውነቱ አንዱን ያታልላል፣ ቀና ብሎ ረጅሙን ኳስ በግራ ለክሊፍ ባስቲን፣ በቀኝ ለጆ ሂዩም ይልካል። ባስቲን የመስመር ተጫዋች ሆኖ በ1932-33 በሊጉ 33 ጎል አገባ። እስቲ አስቡት፣ ከመስመር 33 ጎል!

ጄምስ ራሱ ለአርሰናል በ231 የሊግ ጨዋታ ያገባው 26 ብቻ ነው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ወርዷል ይላል። በጭራሽ አልወረደም። መድፈኞቹ (አርሰናሎች) በ1931፣ 1933፣ 1934 እና 1935 የሊጉ ሻምፒዮን ሲሆኑ አጥቂዎቹን በኳስ የሚመግበው እሱ ነበር። ያኔ አሲስት (ጎል የሆነችውን ኳስ ማቀበል) የሚቆጥር ስላልነበረ ነው ልፋቱ በቁጥር የማይታየው።

አንዷን ጎል ግን ላንሳ። የ1930 የኤፍኤ ካፕ (የእንግሊዝ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ) ፍጻሜ፣ ተጋጣሚው ሃደርስፊልድ፣ የቻፕማን የቀድሞ ቡድን። 17ኛው ደቂቃ አካባቢ ጄምስ ላይ ጥፋት ተሠራ። ሌላው ተጫዋች ገና ቦታ ሲይዝ እሱ ተነስቶ ቅጣት ምቱን ቶሎ ብሎ በግራ ለባስቲን ሰጠና ወደ ፊት ሮጠ። ባስቲን ተከላካዩን ወደ ራሱ ስቦ ኳሷን መለሰለት። ጄምስ መታ፣ ገባች። የዚያን ቀን አመቻቹ አገባ፣ አግቢው አመቻቸ። ሁለተኛውን ጃክ ላምበርት ጨመረ፣ 2 ለ 0 አለቀ፣ አርሰናልም የመጀመሪያውን ትልቅ ዋንጫ ወሰደ።