የክረምት የጥንካሬ ስራ ለታዳጊ ኳስ ተጫዋቾች በባህር ዳር

ባህር ዳር ላይ ኳስ የሚጫወት ልጅ እረፍቱ ክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሜዳው ጭቃ ይሆናል፣ ትምህርት ዝግ ነው፣ ፕሪሚየር ሊጉም ስለሚያርፍ የባህር ዳር ከነማ ጨዋታ የለም፣ እና አብዛኛው የፕሮጀክት (የታዳጊ ቡድን) ልጅ ወይ ቁጭ ይላል ወይ የቤዛዊትን ዳገት መሮጥ ብቻ ነው ስራው። ሩጫው ትንፋሽ ይሰጣል፣ አይካድም፣ ግን መስከረም ላይ ቋንጃዬን ብሽሽቴን እያለ ለሚወጣው ልጅ ብዙ ጊዜ የጎደለው የጡንቻ ጥንካሬ ነው፣ ለዚህ ደሞ ከክረምት የተሻለ ጊዜ የለም ምክንያቱም ሰውነት ቢዝልም ቅዳሜ ጨዋታ የለበትም።

ወላጆች ጋ "ብረት የሚገፋ ልጅ ቁመቱ ይቀራል" የሚባል ነገር አሁንም አለ። በአግባቡ፣ አሰልጣኝ እያየ ከተሰራ አያስቀርም። የአለም ጤና ድርጅት ራሱ ከ5 እስከ 17 አመት ላሉ ልጆች በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይመክራል። አደጋው ሌላ ቦታ ነው፦ ሰፈር ውስጥ በጣሳ ሲሚንቶ ሞልተው በቱቦ የሚሰሩት ብረት ሁለቱ ጫፍ እኩል አይመዝንም፣ ልጆቹ ደሞ ማን ያነሳል እያሉ ይወራረዱበታል። ወንዶች በ14፣ ሴቶች በ12 አመት አካባቢ ቁመታቸው ድንገት ሲመዘዝ ከጉልበት በታች የሚያማቸው አሉ፣ እንደዛ ሲሆን ዝላይና ሩጫ ቀነስ ማድረግ ነው።

ጂም የግድ አይደለም። የፊፋው 11+ የሚባለው ማሟሟቂያ 15 እንቅስቃሴ አለው፣ 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ ከ14 አመት ጀምሮ ላሉት ነው የተሰራው፣ ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ቀጥ ብሎ መቆየት)፣ ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሳት)፣ ባንድ እግር መቆም ምናምን አለበት። ውስጡ ካሉት ለኔ ዋናው የቋንጃው፣ ኖርዲክ የሚሉት ነው፦ ትንበረከካለህ፣ ጓደኛህ ቁርጭምጭሚትህን መሬት ላይ አጥብቆ ይይዛል፣ ከጉልበት እስከ ትከሻ ቀጥ እንዳልክ ቀስ እያልክ ወደ ፊት ትወርዳለህ፣ መያዝ ሲያቅትህ በእጅህ ታርፋለህ። ለጀማሪ ከ3 እስከ 5 ጊዜ በቂ ነው፣ እሱም ቢሆን በማግስቱ ደረጃ ሲወርዱ ያስለቅሳል። ግን ጥናቶች የቋንጃ ጉዳትን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይተዋል፣ ስለዚህ ይለቀስ።

በሳምንት 2 ወይ 3 ቀን፣ መሃል ላይ ቢያንስ 1 ቀን እረፍት፣ ዝናብ ከሆነ በረንዳም ይበቃል።

ምግቡ ላይ የሚከብደው ፍልሰታ ነው፣ ከነሐሴ 1 ጀምሮ 15 ቀን ስጋ፣ ወተትና እንቁላል የለም። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ለውዝ በደንብ ከተበላ ጡንቻ አይራብም፣ ቅዳሴ እስኪወጣ የሚጾም ልጅ ግን ጠዋት በባዶ ሆዱ ስኳት ባይሰራ ጥሩ ነው፣ በልቶ አረፍ ብሎ ወደ 11 ሰአት ላይ ይስራ። ጾሙ ሲፈታ የጣናው ቆረሶ አሳ አለ።

ውድድር ሲጀመር ሙሉ በሙሉ የሚተዉት ብዙ ናቸው፣ በሳምንት 1 ቀን እንኳን ቢቀጥል የክረምቱን ጥንካሬ ያቆየዋል።