የጋራ አመራር ሥራ ማከፋፈል ብቻ አይደለም

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «የጋራ አመራር» ሲባል ብዙ መምህራን «ርዕሰ መምህሩ ሥራውን እኛ ላይ ሊጭን ነው» ብለው ይረዱታል። አይፈረድባቸውም፤ አንዳንድ ቦታ የሚሆነው ያው ነው። አመራር ተጋራ የሚባለው ግን ከሥራው ጋር የመወሰን ሥልጣኑም ሲሰጥ ነው።

ለምሳሌ የሒሳብ ትምህርት ክፍል የማጠናከሪያ ትምህርት ይስጥ ተባለ እንበል። ቀኑንም፣ ሰዓቱንም፣ አስተማሪውንም ርዕሰ መምህሩ ወስኖ ከላከ፣ ይህ ትእዛዝ ነው። መምህራኑ ውጤት አይተው የትኛው ተማሪ ምን እንደጎደለው ከለዩ፣ ፕሮግራሙን ራሳቸው ካወጡ፣ ካልሠራም መለወጥ ከቻሉ፣ አመራሩን ተጋርተዋል። ርዕሰ መምህሩ በዚህ ከተጠያቂነት አይወጣም። ምን ያህል ሥልጣን ይጋራል የሚለው ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል።

የጋራ አመራርን ከመምህራን ቁርጠኝነት፣ ማለትም በትምህርት ቤታቸው ጸንተው ለመሥራት ካላቸው ፍላጎት ጋር ምን ያገናኘዋል? ሜየርና አለን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1991 እ.ኤ.አ. ቁርጠኝነትን በሦስት ከፍለውታል፦ ሥራ ቦታን ከመውደድ የሚመጣ፣ ግዴታ አለብኝ ከማለት የሚመጣ፣ «ብለቅ የማጣው ይበዛል» ከሚል ስሌት የሚመጣ። ሐሳቡ የሚሰማለት መምህር ላይ ይበልጥ የሚጠነክረው የመጀመሪያው ነው። ክፍለ ጊዜ ሳይቀነስለት ኮሚቴ ላይ ኮሚቴ የሚደረብበት መምህር ግን ሊሰላች ይችላል።