ማረሻ የቻለ ሁሉ ባክሆ አይችልም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከጅሩ እስከ ምንጃር እርሻ ሲያልቅ ትራክተር ሥራ ይፈታል። ባለቤቱ ግን ቆሞ ሲያየው ያመዋል። የውሃ ማቆሪያ ማስቆፈር የሚፈልግ ገበሬ አለ። ከማሳው ላይ ውሃ የሚያጠነፍፍ ቦይ የሚፈልግም አለ። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ቤት የሚሠራ ሰው መቼም አይጠፋም፤ መሠረት ይቆፈራል። እናም "ለምን ከኋላው ባክሆ አንገጥምለትም?" ይባላል። ባክሆ የምለው ከትራክተር ጀርባ ተገጥሞ አፈሩን ወደ ራሱ እየሳበ የሚቆፍረውን ክንድ ነው።

ሐሳቡ ጥሩ ነው። እኔም ውሎዬ ጋራዥ ስለሆነ ጥያቄው ቶሎ ቶሎ ይመጣብኛል። የሚያስቸግረኝ ከጥያቄው ጋር አብሮ የሚመጣው ወሬ ነው።

"ባለሦስት ዲስክ ማረሻ የቻለ ትራክተር ባክሆ ምን ያቅተዋል?"

የስህተቶቹ ሁሉ እናት ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ማረሻ የሚንጠለጠለው ከኋላ ባሉት ሦስት ክንዶች ላይ ነው። ሁለቱ ከታች፣ አንዱ ከላይ። ሲታረስ ትራክተሩ ወደ ፊት ይስባል፣ መሬቱ ወደ ኋላ ይይዛል። ጉተታ ነው፣ አለቀ። የባክሆ ጠባይ ሌላ ነው። አንዴ መሬቱን ወደ ታች ይጫናል፣ አንዴ ወደ ራሱ ይስባል፣ አንዴ ወደ ጎን ይዞራል። መሬቱ አልበገር ሲል ያ ሁሉ ጉልበት ዞሮ የሚያርፈው ትራክተሩ ላይ ነው።

እስቲ ሞተሩን አጥፍታችሁ የታችኞቹን ክንዶች በእጃችሁ ወደ ላይ ግፏቸው። ይነሳሉ። በአብዛኞቹ ትራክተሮች ሃይድሮሊኩ ያነሳቸዋል እንጂ ወደ ታች አይጫናቸውም፤ የሚወርዱት በራሳቸው ክብደት ነው። ስለዚህ ባልዲው፣ ማለትም በባክሆው ክንድ ጫፍ ያለው መቆፈሪያ፣ መሬቱን ሲጫን ባክሆው ወደ ላይ ቢነሳ አጥብቆ የሚይዘው የለም። የላይኛው ክንድ ወይም ፒኑ ከተበጠሰ ደግሞ ዕቃው በሙሉ ወደ ትራክተሩ ይታጠፋል። መሃል ላይ የተቀመጠው ማን ነው? ኦፕሬተሩ።

ሁለተኛው ጣጣ የትራክተሩ አካል ነው። ትንሽ ትራክተር እንደ አይሱዙ ሻንሲ፣ ማለትም ከሥር ሁሉን የሚሸከም የብረት አጥንት፣ የለውም። ሞተሩ፣ የፍሪሲዮኑ ቤት፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ አንዱ ከሌላው በቦሎን ታስረው ራሳቸው ሻንሲ ሆነው ያገለግላሉ። የተሠሩት ቀልጦ በቅርፅ ከፈሰሰ ብረት ነው። ይህ ብረት ቢጫኑት ይችላል፤ ቢያጣምሙት ግን ይሰነጠቃል። አንዴ ከእነዋሪ በኩል አንድ ትራክተር መጣልን። ባለቤቱ "ዘይት ያልበዋል" ነበር ያለው። ጭቃውን ስናጥበው ከካምቢዮው ቤት ላይ ረጅም ስንጥቅ ወጣ። ባክሆው በሦስቱ ክንዶች ላይ ተሰክቶ አንድ በጋ ሙሉ ድንጋያማ መሬት ቆፍሯል።

እርግጥ በሦስቱ ክንዶች ላይ እንዲገጠሙ ተብለው የተሠሩ ቀላል ባክሆዎች አሉ። የትራክተሩን መመሪያ ሳታነቡ ግን አትግዟቸው፤ እንዲህ ያለ ዕቃ የማይፈቅዱ አምራቾች አሉ። ትክክለኛው መንገድ ሰብፍሬም የሚባለው ነው። ከኋላ አክስሉ ተነስተው በትራክተሩ ሆድ ሥር ወደ ፊት የሚሄዱ ሁለት ረጃጅም ብረቶች ናቸው። ባክሆው እነሱ ላይ ይታሰራል። ጉልበቱም በካምቢዮው ቤት በኩል መሄዱ ይቀርና በብረቶቹ በኩል ያልፋል።

"ሰብፍሬሙን በያጅ ይሠራልናል"

በያጆቻችንን አልንቅም። ከቁርጥራጭ ብረት የሚያወጡት ነገር ያስገርመኛል። ግን አክስሉም ሆነ የካምቢዮው ቤት ላይ መበየድ ክልክል ነው። ሙቀቱ ያንን ብረት ያሰነጥቀዋል፣ ብየዳውም አያስተማምንም። ፍሬም የሚታሰረው ፋብሪካው ባዘጋጃቸው ቀዳዳዎች፣ በቦሎን ብቻ ነው። የአንዱ ሞዴል ፍሬም ለሌላው ልክ አይሆንም። "ባክሆውን በርካሽ አግኝቻለሁ፣ ፍሬሙን ቀስ ብዬ እፈልጋለሁ" የሚል ሰው ሲመጣ ኮርቻውን ገዝቶ በቅሎ የሚያፈላልግ ሰው ይመስለኛል። መጀመሪያ ፍሬሙ ለትራክተራችሁ መኖሩን ጠይቁ።

"ደጋ ላይ ሞተር ይደክማል፣ ስለዚህ በትንሽ ትራክተር አይቆፈርም"

ግማሹ እውነት ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ተርቦ (አየር አስገድዶ ወደ ሞተር የሚያስገባው) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ደብረ ብርሃን ላይ ሲደርስ ሩብ ያህሉ ሄዷል ማለት ነው። ሸዋ ሮቢት ሲያርስ የከረመ ትራክተር ጣርማ በርን ወጥቶ ሲያርስ ባለቤቱ ልዩነቱን ያውቀዋል።

ቁፋሮ ግን እርሻ አይደለም። የባክሆ ጉልበት የሚመጣው ከዘይቱ ግፊትና ክንዱን ከሚገፋው ሲሊንደር ውፍረት ነው። የሞተሩ ዙር የሚወስነው ፍጥነቱን ነው። ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ፖምፓው በደቂቃ 30 ሊትር ዘይት በ150 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ቢገፋ የሚፈልገው 10 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። የ30 ፈረስ ጉልበት ትራክተር ሩቡን ቢያጣ እንኳ 22 ይቀረዋል። ይበቃል።

የደጋው እውነተኛ ችግር ብርዱ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት ዘይቱ ይወፍራል። ሞተሩን አስነስታችሁ ወዲያው ድንጋይ አትፈንቅሉ። ክንዱን ባዶውን ለጥቂት ደቂቃ አንቀሳቅሱት።

"ቱቦ ቱቦ ነው፣ ወዳገኘነው ቀዳዳ ይሰካ"

ይህችኛዋ ኪስ ታራቁታለች። አንዱ ቱቦ ግፊት ያመጣል፣ ሌላው ዘይቱን ወደ ጋኑ ይመልሳል። ሦስተኛም ሊኖር ይችላል፤ ባክሆው ያልተጠቀመበትን ዘይት ወደ ትራክተሩ ማንሻ ያሻግራል። መግቢያና መመለሻው ከተምታታ ግፊቱ ባልተዘጋጀለት በኩል ይገባል። ጎማ ማኅተሙ ይፈነዳል፣ ሲብስም የቫልቩ ቤት ይሰነጠቃል። በልክ ተሰክቶም የመመለሻው ቱቦ ወንዴና ሴቴ መጋጠሚያዎች እስከ መጨረሻው ካልገጠሙ ውስጡ ያለው መዝጊያ አይከፈትም። ዘይቱ መሄጃ ያጣል። "ሰክቼዋለሁ እኮ" የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ቱቦዎቹን ከመፍታታችሁ በፊት በቀለም ምልክት አድርጉባቸው።

ሌላም አለ። በብዙ ትንንሽ ትራክተሮች የሃይድሮሊኩና የካምቢዮው ዘይት አንድ ነው። ከሌላ ቦታ የመጣ አሮጌ ባክሆ ውስጥ ያለው ቆሻሻ ዘይት ቀጥታ ወደ ካምቢዮአችሁ ይገባል። የጅሩ የመጋቢት አቧራም ባልተጠረገ የቱቦ አፍ በኩል እንዲሁ ይገባል። ከገጠማችሁ በኋላም ዘይቱን ለኩ። ቱቦውና ሲሊንደሩ ስለሚጠጡት መጠኑ ይወርዳል።

"የት እንደሚያፈስ በእጅ ዳስሶ ማወቅ ይቻላል"

አይቻልም! በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ የዚህ ግፊት ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። መጀመሪያ እሾህ የወጋ ይመስላል፣ ብዙም አያምም። በሰዓታት ውስጥ ግን ሥጋውን ይገድለዋል፤ ጣት ያስቆርጣል። ካርቶን አስጠግታችሁ እዩ። እጅ ከተነካ ደግሞ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል፤ ዘይት መሆኑንም ለሐኪሙ ንገሩት።

"ለመግጠም ስድስት ጎረምሳ ያስፈልጋል"

ብዙዎቹ ትንንሽ ባክሆዎች ከ300 እስከ 500 ኪሎ ይመዝናሉ። ስድስት ጎረምሳ ቢገፋው የሚያተርፈው የተቀጠቀጠ ጣት ነው። በሰብፍሬም የሚገጠም ባክሆ ራሱን ያነሳል። ትራክተሩን ወደ ኋላ አስጠጉት፣ ሞተር አጥፉ፣ ቱቦዎቹን ስኩ። ከዚያ ሞተሩን አስነስታችሁ ባክሆው መቀመጫ ላይ ሆናችሁ የጎን እግሮቹንና ክንዱን ስትጫኑ ባክሆው ከፍ ዝቅ ይላል። መንጠቆው ፍሬሙ ላይ ሲቀመጥ ሞተር ታጠፋላችሁ፣ ፒኖቹን ታስገባላችሁ። ይህ ሁሉ ሲሆን በሁለቱ መካከል ማንም አይቁም፤ ረዳቱም ቢሆን።

ስለ ሚዛንም አጠር አድርጌ ልበል። ከኋላ ይህን ያህል ክብደት ሲንጠለጠል ፊቱ ይቀላል፣ መሪው እሺ አይልም። ከፊት ሎደር (አፈር መዛቂያ) ወይም ክብደት ይኑር። መንገድ ላይ ክንዱ ተጣጥፎ በፒን ይቆለፍ። አንኮበርን በመሰለ ተዳፋት ላይ ደግሞ አፈሩን ወደ ላይኛው ወገን ድፉት፤ የሞላ ባልዲ ወደ ቁልቁለቱ ሲዞር ትራክተሩን ይዞት ይሄዳል።

"መፍታቱስ ቀላል ነው፣ ጓሮ ጥሎ መሄድ ነው"

የት እንደምትጥሉት ግን አስቡ። ዋልካ መሬት በበጋ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል፤ ባክሆውም ቀጥ ብሎ ይቆማል። ክረምት ሲገባ ያው መሬት ይላወሳል፣ አንዱ እግር ይሰምጣል። መስከረም ላይ ልትገጥሙት ስትመጡ ዕቃው አዝምሞ ይጠብቃችኋል። መንጠቆው ከፍሬሙ ጋር አይገናኝም፣ ስድስቱ ጎረምሶችም ያኔ ይጠራሉ። ስለዚህ ከመፍታታችሁ በፊት ከእያንዳንዱ እግርና ከባልዲው ሥር ወፍራም ጣውላ አንጥፉ። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የባክሆውን መቆጣጠሪያ ማንሻዎች ወዲህ ወዲያ አድርጋችሁ ግፊቱን አስወጡ፤ አለበለዚያ በሚቀጥለው ጊዜ ቱቦው አልሰካ ይላል። የቱቦዎቹንም አፍ በክዳን ዝጉ። ክዳን ከሌለ ንጹሕ ፌስታል በላስቲክ ማሰር ይበቃል።