ትእምርት ምንድን ነው? አንበሳው፣ አደዩና የቤት ቁጥሯ

የአማርኛ ፈተና ላይ «በግጥሙ ውስጥ አደይ አበባ የምን ትእምርት ነው?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ብዙ ተማሪ የሸመደደውን ይደረድራል። ነጭ ሰላም፣ ጥቁር ሐዘን፣ አደይ ደግሞ አዲስ ዓመት። ይህን ለመመለስ ግጥሙን ማንበብ እንኳ አያስፈልግም። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

ትእምርት በግጥም ወይም በታሪክ ውስጥ ራሱን ሆኖ እየኖረ ከራሱ ያለፈ ሐሳብ የሚሸከም ነገር ነው። አንዳንድ መምህራን ተምሳሌት ይሉታል። ዕቃ፣ እንስሳ፣ ቀለም፣ ቦታ፣ ድርጊትም ሊሆን ይችላል። ትርጉሙን ገሚሱን ከባህል ያገኛል። ገሚሱን ደግሞ ደራሲው ካስቀመጠው ቦታ። ተማሪዎች የሚዘነጉት ይህንን ሁለተኛውን ነው።

መጀመሪያ ከሌሎቹ ዘይቤዎች እንለየው። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር የሚወርደውን የቸርችል ጎዳና በሐምሌ ዝናብ አስቡት። «ቸርችል እንደ ወንዝ ወረደ» ብንል ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው፤ «እንደ» የምትለው ቃል ታሳብቅበታለች። «ቸርችል ዛሬ ወንዝ ነው» ብንል ተለዋጭ ዘይቤ ይሆናል። «ቸርችል ሲያለቅስ ዋለ» ሰውኛ ነው። «ዝናቡ ቸርችልን ጠራርጎ ቀይ ባሕር ከተተው» ካልን ግነት ነው። ይሄ ለማንም ልጅ አዲስ አይደለም። እናቱ «እጄ አመድ አፋሽ ሆነ» ስትል አመድ ፍለጋ እጇን አያይም።

እነዚህ ዘይቤዎች አብዛኛውን ጊዜ ሥራቸውን አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ይጨርሳሉ። ቸርችል ላይ ወንዝ አልነበረም፤ ለንግግር ተጠራ፣ አለቀ። ትእምርት ግን በታሪኩ ውስጥ የምር አለ። ይነካል፣ ይሰበራል፣ ይጠፋል፣ ይመለሳል። በሄደበት ሁሉ ትርጉሙ አብሮት ያድጋል።

ቸርችልን ወርደን ስንጨርስ ለገሃር ባቡር ጣቢያው ፊት የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ቆሟል። የቆመው በ1923 ዓ.ም. ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ጋር ተያይዞ ነው። እዚያ ቦታ ላይ አንበሳው ዘውድ ማለት ነበር። ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን ሲይዝ ነቅሎ ሮም ወሰደው። እዚያ ሲደርስ ምርኮ ሆነ፤ ለወራሪው የድል ማሳያ። በ1930 ዓ.ም. ዘርዓይ ደረስ ሮም ላይ አንበሳውን ሲያይ ግን የታየው የተደፈረች አገሩ ነበረች፤ ሰይፉን መዘዘ። ኋላም ሐውልቱ ወደ ለገሃር ተመለሰ። አንበሳው አንድ ነው። የቆመበት ቦታና የሚያየው ዓይን ሲለወጥ ትርጉሙ ተለወጠ።

ስድስት ኪሎ ደግሞ ከዚህም የሚገርም ምሳሌ አለ። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት፣ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሟል። ጣሊያኖች የሠሩት የፋሺስት አገዛዝን ዓመታት በደረጃ እየቆጠሩ ነው። ከነጻነት በኋላ ጫፉ ላይ ትንሽ የአንበሳ ሐውልት ተቀመጠ። ደረጃውን ማፍረስ አላስፈለገም። እያንዳንዱ የፋሺስት ዓመት ለአንበሳው መረገጫ ሆነ። ይህንን ያሰበው ሰው ገጣሚ ባይባልም የሠራው የገጣሚ ሥራ ነው።

አሁን ወደ አደዩ እንመለስ። ለዚህ ጽሑፍ ብዬ ሁለት ስንኝ ቋጥሬያለሁ፦

አደዩ ፈነዳ ፈርሶ ሳለ ግንቡ፣
አበባዮሽ ባዮች ልጆቹ የት ገቡ?

በባህላችን አደይ ሲፈነዳ ክረምቱ አልፏል፣ እንቁጣጣሽ ደርሷል፣ ልጃገረዶች በየደጁ እየዞሩ ይዘፍናሉ። ግጥሙ ይህን ሁሉ እንደምናውቅ ይተማመናል። ከዚያ ግን አበባውን ፈርሶ የቀረ ግንብ አጠገብ ያስቀምጠዋል። አበባው የየዓመቱን አደረገ፤ በወቅቱ መጣ። የሚቀበለው ሰው ግን የለም። ስለዚህ እዚህ ግጥም ውስጥ አደይ ደስታ ብቻ አይደለም፤ ደርሶ ቤተኞቹን ያጣ ደስታ ነው። «አይ፣ ግንቡ ቢፈርስም አበባው ስለፈነዳ ተስፋ ነው» የሚል ተማሪ ይኖራል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ያስኬዳል። ግን ሁለተኛውን ስንኝ ምን ሊያደርገው ነው? ጥያቄው መልስ ሳያገኝ እንደተንጠለጠለ ቀርቷል። ለዚያ መልስ ካለው ነጥብ ይገባዋል።

ብዙዎች ትእምርትን ከሰምና ወርቅ ጋር ያምታቱታል። ሰምና ወርቅ ላይ አንድ ቃል ወይም ሐረግ ሁለት ፍቺ ይይዛል፤ ወርቁ ሲገኝ ሰሙ ሥራውን ጨርሷል። ትእምርት ላይ ግን አደዩ ትርጉሙ ከተገኘ በኋላም አደይ ነው። ቢጫ ነው፣ ይረግፋል። አንዱን አውጥቶ ሌላውን መጣል የለም።

በልብ ወለድ ውስጥ ደግሞ ትእምርት ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። እንዲህ ያለ አጭር ታሪክ አስቡ። ፒያሳ የኖሩበት ቤት ሊፈርስ ሲል አንዲት አያት ከበሩ ላይ የቤት ቁጥር የተጻፈባትን ቆርቆሮ በቢላ ፈልቅቀው ይወስዳሉ። ኮንዶሚኒየም ከገቡ በኋላ ወረዳ ሄደው የቤት ቁጥር ሲጠየቁ የድሮውን ይናገራሉ። ጸሐፊዋ ታርማቸዋለች፤ እሳቸው ደግመው ያንኑ ይላሉ። በመጨረሻ የልጅ ልጃቸው የዛገ ቆርቆሮ መስሎት ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ይጥላታል። አያቱ ከአራተኛ ፎቅ ወርደው ገንዳውን በእጃቸው ሲበረብሩ ያገኛቸዋል።

ቆርቆሮዋ ትእምርት መሆኗን በምን እናውቃለን? ተደጋግማ መጥታለች፤ ወሳኝ ቦታም ላይ አለች። ከሁሉ በላይ ግን ለዕቃው የሚሰጠው ስሜት ከዕቃው ዋጋ በልጧል። አምስት ሳንቲም ለማታወጣ ቆርቆሮ አንዲት አሮጊት ገንዳ ሲበረብሩ ካያችሁ ቆም በሉ። ያ ቆርቆሮ ብቻ አይደለም። ጉርብትና ነው? ማንነት ነው? «እኔን ከዚያ ልታነሱኝ አትችሉም» ማለት ነው? ሦስቱም ከታሪኩ ማስረጃ አላቸው፤ አንዱን መርጦ መከራከር ይቻላል።

በዚያው ታሪክ አያቱ ቡና ቢያፈሉ ሲኒው የግድ የአንዳች ነገር ትእምርት አይሆንም። ቡና ጠጡበት፣ በቃ። ሁሉንም ነገር የሚፈታ አንባቢ ምንም ከማይፈታው እኩል ታሪኩን ያጣዋል።

ፈተና ላይ ስትጽፉ «አደይ የተስፋ ትእምርት ነው» ብላችሁ አትቁሙ። መጀመሪያ ነገሩ በግጥሙ ውስጥ የት እንዳለና ምን እንደሚያደርግ ጻፉ፤ ትርጉሙን ከዚያ አውጡት። ለምሳሌ፦ «አደዩ እንደ ልማዱ ፈንድቷል፤ ዙሪያው ግን ፍርስራሽ ነው፣ የሚዘፍኑት ልጆችም የሉም። ስለዚህ አደዩ ወቅቱን ጠብቆ መጥቶ ሰው ያጣ ደስታን ያሳያል።» መምህራንም ብትሆኑ የተማሪው መልስ የመልስ ቁልፉ ላይ ስለሌለ ብቻ ኤክስ አታድርጉበት። «ከየትኛው ስንኝ አገኘኸው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ስንኙን ካሳያችሁ ነጥብ ስጡት።